ከመስመር የወጣው ደብተር

የጋሽ ለገሠ ቱሉ የሕይወት ታሪክ በቀብራቸው ቀን ሲነበብ ከሬሳ ሣጥኑ ሦስት እርምጃ ርቄ ቆሜ ነበር። የት እንደ ተወለዱ ተነበበ፣ የት እንደ ተማሩ ተነበበ። ከዚያ እንዲህ የሚል መጣ፦ «በሒሳብና በፊዚክስ መምህርነት ለረጅም ዓመታት አገልግለዋል። በመካከሉ በግል ጉዳይ ምክንያት ለስምንት ወራት ከሥራ ገበታቸው ተለይተው የነበረ ሲሆን፣ ከሰው ሁሉ ጋር ተስማምተው የኖሩ መምህር ነበሩ።»

በግል ጉዳይ ምክንያት። ሰው ስምንት ወር ሲታሰር የግል ጉዳዩ ነው እንዴ?

ይባስ ብሎ ወረቀቱን ያነበበው ማን መሰላችሁ? ሽፈራው ነው። ዛሬ የዕድራችን ጸሐፊ ነው፤ ጸጉሩ ሸብቷል፣ ከዘራ ይዟል፣ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ «አባባ» ይለዋል። በደርግ ጊዜ፣ አዳማን ናዝሬት ብለን በምንጠራበት ዘመን ግን ጓድ ሽፈራው ነበር፣ የቀበሌያችን ሊቀመንበር። ጋሽ ለገሠን ያሳሰራቸው እሱ ነው። ሳይደናቀፍ አነበበ፣ ወረቀቱን በአራት አጥፎ ኪሱ ከተተ፣ ወደ ቦታውም ተመለሰ። ለቀስተኛው ራሱን ነቀነቀ። እኔም ነቀነቅሁ።

ስለዚህ እሱ የዘለለውን እኔ እጽፈዋለሁ። አንድ ሰው የሞቱት ሰው ማን እንደ ነበሩ ማወቅ አለበት።

ጋሽ ለገሠ አጠር ያሉ፣ ወደ ፊት ዘንበል ብለው የሚራመዱ ሰው ነበሩ። የናዝሬት ነፋስ ነው እንዲህ ያጎበጣቸው እያልን እንቀልድ ነበር። ባርኔጣቸውን በአንድ እጅ ጫን አድርገው፣ ደብተሮቻቸውን በብብታቸው ይዘው፣ አቧራውን እየሰነጠቁ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ በሩቅ ይታወቃሉ። ስታናግራቸው ራሳቸውን ወደ ቀኝ አዙረው የግራ ጆሯቸውን ይሰጡሃል። የቀኙ አይሰማም። ያ ጆሮ ነው ሕይወታቸውን የቀየረው። በወጣትነታቸው ደብረ ዘይት ለበረራ ተመልምለው ነበር፤ ትምህርቱን ከጓደኞቻቸው ሁሉ ቀድመው ጨርሰው፣ አውሮፕላን ላይ በወጡ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ጆሮው ደማና አሰናበቷቸው። የእንግሊዝኛ መጻሕፍታቸውን በቆርቆሮ ሣጥን ጭነው ናዝሬት ገቡ፣ መምህር ሆኑ። «ሰማዩ አልቀበልም አለኝ እንጂ መጻሕፍቱ አላባረሩኝም» ይሉ ነበር። ሲሉትም ምሬት አልነበረባቸውም። ምሬቱን ለእኔ ትተውልኝ የሄዱ ይመስለኛል።

እኔና ከድር ወደ እሳቸው የሄድነው አሥራ ሁለተኛን ጨርሰን ሥራ በምንፈልግበት ጊዜ ነው። ከድር በአባቱ የመኪና መለዋወጫ ዕቃ ሱቅ ውስጥ ይሠራል፣ እኔ ወፍጮ ቤት ሰዓት ተቆጣጣሪ ነኝ። ለአየር መንገድ አብራሪነት ሠልጣኞች ይፈለጋሉ የሚል ማስታወቂያ ወጣ። ፈተናው ሒሳብና እንግሊዝኛ ብቻ አልነበረም፤ የበረራ ጽንሰ ሐሳብም አለበት፦ የአየር ጠባይ፣ አቅጣጫ ማስላት፣ የአውሮፕላን መሣሪያዎች። ከታች ደግሞ ‘ከሚኖሩበት ቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ’ ይላል።

ከድር ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ ሁለት መቶ ጥያቄ ከነመልሱ የተባዛበት ወረቀት አገኘ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ሸመደድነው። አሥራ ሰባት፣ ‘ለ’። አሥራ ስምንት፣ ‘መ’። ልባችን አብጦ ጋሽ ለገሠ ዘንድ ሄድንና «ይፈትኑን» አልናቸው።

ወረቀቱን ተቀብለው አገላበጡት። «ግርማ፣ አሥራ ሰባት።»

«ለ» አልኩ።

«ለምን?»

ወደ ከድር አየሁ።

«ከድር፣ አንተስ? ለምን ‘ለ’ ሆነ? ለምን ‘ሐ’ አልሆነም?»

ከድር ጣሪያውን አየ። ጋሽ ለገሠ ወረቀቱን አጣጥፈው መለሱለት። «ይህን ለባለ ሱቁ ስጠው፣ በርበሬ ይጠቅልልበት። እናንተ የምታውቁት መልሱን ነው። ጥያቄው ልብስ ቀይሮ የመጣ ዕለት አታውቁትም። ሰማይ ላይ ደግሞ ጥያቄ ሁልጊዜ ልብስ ቀይሮ ነው የሚመጣው።»

ዛሬ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ለአየር መንገድ አብራሪነት ፈቃድ የሚዘጋጁ ልጆች አልፎ አልፎ ምክር ፍለጋ ይመጡብኛል። ስልካቸው ላይ በሺህ የሚቆጠር ጥያቄ ከነመልሱ ተጭኗል። «ጋሼ፣ ስንት ጊዜ ብንደግመው እናልፋለን?» ይሉኛል። ንድድ ይለኛል። «አሥራ ሰባት ለምን ‘ለ’ ሆነ?» እላቸዋለሁ። ጣሪያ ያያሉ። ጣሪያ ማየቱ አልተለወጠም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በረንዳቸው ላይ እንማር ጀመር። ባለቤታቸው እትዬ አስቴር እዚያው ልብስ ይሰፋሉ። የትምህርቱ ግማሽ እሳቸው ነበሩ። ጋሽ ለገሠ አንድ ነገር አስረድተው ሲጨርሱ «በሉ አሁን ለአስቴር ንገሯት» ይላሉ። እንግሊዝኛ ቃል ከተጠቀምን አይቆጠርም። እትዬ አስቴር የስፌት መኪናቸውን አቁመው ያዳምጡናል፣ ከዚያ «አልገባኝም ልጄ፤ እንደ ገና በለኝ» ይላሉ። እሳቸው ካልገባቸው እኛም አልገባንም ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ያልገባን እኛ ነበርን።

ነፋስ አውሮፕላንን እንዴት እንደሚገፋ ሦስት ቅዳሜ ሙሉ አልገባኝም። መጽሐፉ ውስጥ ሦስት ማዕዘን አለ፤ እሥለዋለሁ፣ መልሱ ይመጣል፣ ግን ምን እንደሆነ አላውቅም። ጋሽ ለገሠ የእትዬ አስቴርን ጠመኔ ሰጡኝ። ጠረጴዛው ላይ ነጭ አቡጀዲ ተዘርግቷል። «ከዚህ ጫፍ እዚያ ጫፍ ቀጥ ያለ መስመር አስምር። አስቴር፣ አንቺ ጨርቁን ቀስ አድርገሽ ወደ ጎን ሳቢ» አሉ። እጄ ቀጥ ብሎ ነው የሄደው። ጨርቁ ላይ የቀረው መስመር ግን ጠማማ ነበር።

«እጅህ አውሮፕላኑ ነው፣ ጨርቁ አገሩ ነው» አሉኝ። «አንተ ቀጥ ብለህ ሄደሃል፤ አገሩ ግን ሌላ ቦታ ነው ያገኘህ።» ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ዓመት ስበር ነፋስ በገፋኝ ቁጥር አቡጀዲው ይታየኝ ነበር።

ስንቸኩል «ሱታ፣ ሱታ» ይሉናል፤ በኦሮምኛ ቀስ በሉ ማለት ነው። ጥያቄውን እስከ መጨረሻው ሳታነብ መልስ መያዝ ክልክል ነው። ከማስላትህ በፊት በግምት ትናገራለህ፤ ግምትህና ስሌትህ ከተራራቁ አንዱ ዋሽቷል፣ የትኛው እንደሆነ ሳታገኝ አትነሳም። ባለፈው ቅዳሜ የተማርነውን ደብተር ዘግተን ካልጻፍን አዲስ አይጀምሩም። የማዕዘን መለኪያ መግዣ ስላልነበረን የራጅ ፊልም በበረኪና አጥበው፣ ድግሪውን በመርፌ ጭረው ሠርተውልናል። አንድ ጎኑ ላይ የማን እንደሆነ የማናውቀው የጎድን አጥንት ጥላ ቀርቶበት ነበር።

ከሁሉ በላይ ግን የስህተት ደብተር ነበረ። እያንዳንዳችን አንድ አንድ ደብተር ያዝን። የተሳሳትነውን ብቻ ነው የምንጽፍበት፤ ምን እንደ መለስኩ፣ ለምን እንዲያ እንዳሰብኩ፣ ትክክሉ ምን እንደሆነ። «ትክክሉን ማንም ይነግርሃል፤ ለምን እንዲያ እንዳሰብክ ግን ካንተ በቀር የሚያውቅ የለም» ይሉ ነበር።

የመጀመሪያው ስህተቴ የሰዓት ነበር፤ እኛ አገር ሰው ብቻ የሚሳሳተው። የበረራ ሰዓት በግሪንዊች ነው የሚጻፈው። የኛ ሰዓት ከግሪንዊች በሦስት ይበልጣል ሲባል ሰምቻለሁና፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የሚነሳ አውሮፕላን ሲሰጠኝ ሦስት ቀንሼ ዜሮ አልኩ። ጋሽ ለገሠ መልሱን በግራ ጆሯቸው ሰሙ።

«አስቴር፣ ይኼ ልጅ አውሮፕላኑን በሌሊት አስነሥቶታል። ተሳፋሪው ገና አልነቃም» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «የኛ ጠዋት ሦስት ሰዓት በፈረንጅ ዘጠኝ ነው። በግሪንዊች ስድስት። ከፈረንጁ ላይ ሦስት ትቀንሳለህ፣ በኛው ላይ ሦስት ትደምራለህ። አሁን ለምን እንዲያ እንዳሰብክ ጻፍ።»

‘የሁሉም ሰው ቀን በእኩለ ሌሊት የሚጀምር መስሎኝ’ ብዬ ጻፍኩ። ወደዱት።

ጋሽ ለገሠና እትዬ አስቴር ጴንጤ ነበሩ። በዚያ ዘመን ይህ ብቻውን ወንጀል ነው ማለት ይቻላል። ቤተ ክርስቲያናቸው ታሽጎ ነበር፣ በየቤቱ ተሰብስቦ መጸለይም ያስይዛል። ስለዚህ ሁለት ጎረምሶች ቅዳሜ ቅዳሜ ደብተር ይዘው እዚያ ቤት መግባታቸው ለጓድ ሽፈራው ጆሮ ደረሰ። እኔ ኦርቶዶክስ፣ ከድር እስላም መሆናችንን ማን ይጠይቃል? ፈተናው ሦስት ሳምንት ሲቀረው አንድ ቅዳሜ፣ ትምህርት ላይ እንዳለን፣ ከሁለት የቀበሌ ጥበቃዎች ጋር መጣ። የመዝሙር ደብተር ነበር የሚፈልጉት። ሣጥኑን ገለበጡት፣ የእትዬ አስቴርን ጨርቅ በተኑት። መዝሙር አላገኙም። የእኔን የስህተት ደብተር አገኙ።

ጓድ ሽፈራው ቆሞ አነበበው። ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያነብ የሰማሁት አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

«‘ከናዝሬት ተነሥቼ ወደ ድሬዳዋ ስሄድ ነፋሱን ችላ አልኩና ወደ ቀኝ ወጣሁ። ከመስመር በስምንት ድግሪ ርቄያለሁ።’» ቀና ብሎ አየኝ። «ወደ ቀኝ ወጣሁ ነው የምትለው?»

«አዎ ጓድ።»

«ከመስመር?»

«አዎ፣ ግን ...»

«ከድሬዳዋስ ወዴት ነው? ወደ ሱማሌ?»

ቀኝ፣ ግራና መስመር ያኔ ሌላ ነገር ነበሩ። ወደ ቀኝ ያዘነበለ ሰው የአብዮቱ ጠላት ነው፣ ከመስመር የወጣም እንዲሁ። ለዚህም በየስብሰባው ‘ሂስና ግለ ሂስ’ የሚባል ነበረ፤ ሰው ተነሥቶ ጥፋቱን በራሱ አንደበት የሚናዘዝበት። ጓድ ሽፈራው ደብተሬን ያየው በዚያ ዓይን ነው፤ ገጽ በገጽ፣ በገዛ እጅ የተጻፈ ኑዛዜ። ገጹን ገለጠ።

«‘ከፍ ባልን ቁጥር ከላያችን የሚጫነን ይቀንሳል።’ ከላያችን የሚጫነን ማነው?»

«አየር ነው» አሉ ጋሽ ለገሠ።

«እርስዎን አልጠየቅሁም።»

«መልሱን የማውቀው እኔ ነኝ ብዬ ነው።»

ብትስቁ አልፈርድባችሁም፤ እኔም ለብዙ ዓመት የአብራሪዎች ክፍል ውስጥ ለጓደኞቼ እያወራሁ አሥቄበታለሁ። ዛሬ አያሥቀኝም። ያ ሰው ማንበብ ይችላል። ሦስት ማዕዘኑን አይቷል፣ ቁጥሩን አይቷል፣ የራጅ ፊልሙንም በእጁ ይዟል። ያልገባው ሰው አልነበረም፤ እንዳይገባው የፈለገ ሰው ነው የነበረው። ደብተሮቻችንን ይዞ ሄደ።

በሳምንቱ ጋሽ ለገሠን ጠርቶ ነገሩን በግልጽ አስቀመጠላቸው። እሑድ በቀበሌው ስብሰባ ላይ ተነሥተው ግለ ሂስ ካደረጉ፣ ልጆቹን ከመስመር ያወጣሁ እኔ ነኝ ብለው ካመኑ፣ ነገሩ እዚያው ይዘጋል፤ ልጆቹም የድጋፍ ደብዳቤያቸውን ያገኛሉ። እምቢ ካሉ ደብዳቤ የለም፣ ደብተሮቹም ወደ በላይ አካል ይሄዳሉ።

ይህን ሲነግሩን በረንዳው ላይ ነበርን። እትዬ አስቴር መኪናቸውን አቆሙ።

«ሐሰት ልትናገር ነው፣ ለገሠ? በሰው ፊት?»

«አዎ።»

«አንተ?»

«ልጆቹ ተዘጋጅተዋል፣ አስቴር። ያልፋሉ። ሌላ ጊዜ ማስታወቂያ ይውጣ አይውጣ ማን ያውቃል?»

እትዬ አስቴር መኪናውን ያን ቀን መልሰው አላንቀሳቀሱትም። እምነታቸው ውሸትን እንዴት እንደሚያይ አውቃለሁና፣ ባልየው ምን ሊያደርጉ እንደሆነ ከእኔ ይልቅ እሳቸው ተረድተውት ነበር።

እሑድ ጠዋት አዳራሹ ሞልቷል። ጋሽ ለገሠ ባርኔጣቸውን አውልቀው ተነሡ። በክፍል ውስጥ በሚናገሩበት ድምፅ ነው የተናገሩት፣ አልጨመሩም አልቀነሱም። «ወጣቶቹን ከመስመር ያወጣኋቸው እኔ ነኝ። ወደ ቀኝ ያዘነበልኩ እኔ ነኝ። እነሱ ጥፋት የለባቸውም፣ ያልኳቸውን ነው የጻፉት። ይቅርታ እጠይቃለሁ።» ተቀመጡ።

ጓድ ሽፈራው ማጨብጨብ ጀመረ፣ አዳራሹ ተከተለ። እኔም አጨበጨብኩ። ሰው ሁሉ ያጨበጭብ ስለ ነበር ነው ልል እችላለሁ፤ ግን ከጎኔ የተቀመጠው ከድር አላጨበጨበም። ሁለት እጁን ከጭኑ ሥር አስገብቶ፣ ወደ ፊት እያየ ተቀመጠ። በክርኔ ጎሸምኩት። አልነቃነቅም አለ። ጓድ ሽፈራውም ከመድረኩ ላይ ሆኖ አየው።

ረቡዕ ዕለት የእኔ ደብዳቤ ማኅተም ተመትቶበት ተሰጠኝ። ‘ከአብዮቱ ጎን የቆመ’ ይላል። ለከድር «ተመልሰህ ና» ተባለ። ሐሙስ ተመለሰ፣ አሁንም «ተመልሰህ ና»። ፈተናው ሰኞ ነው። ዓርብ ጋሽ ለገሠ ሰምተው ቀበሌ ሄዱ። ምን እንደ ተባባሉ ያወቅሁት በማግስቱ ነው፤ ምክንያቱም ቅዳሜ ጠዋት እቤታችን መጡ።

ጋሽ ለገሠ እቤታችን መጥተው አያውቁም። እናቴ ደንግጣ ወንበሩን በቀሚሷ ጠረገችላቸው። ውኃ ጠየቁ፣ ሰጠቻቸው፣ ጠጥተው ብርጭቆውን እጃቸው ላይ አቆዩት። ተናደው አይቻቸው አላውቅም ነበር። ያን ቀን ግን ተናደው ነበር።

«የተናገርኩት ለሁለት ልጅ ነው፤ ለአንድ አይደለም» አሉኝ። «ከድር አላጨበጨበም ብሎ ደብዳቤውን ከለከለው። አላጨበጨበም ብሎ። በሕይወቴ አንድ ጊዜ ሰው ፊት ዋሸሁ፣ እሱንም ግማሹን ወስዶ ግማሹን ጣለው።»

ብርጭቆውን በእጃቸው አዙረው ቀጠሉ።

«ቃሌን ልመልስ ነው፣ ግርማ። እሑድ ያልኩት ሐሰት ነው ልለው ነው። ትናንት ነግሬዋለሁ። ቃልህን ከመለስክ የዚያኛውንም ደብዳቤ እሰርዛለሁ አለኝ። ያንተን ማለቱ ነው።» የግራ ጆሯቸውን ወደ እኔ አዞሩ። «እኔ ብቻዬን የምወስነው ነገር አይደለም። አንተ ምን ትላለህ?»

አስቡት። እኔ የሃያ ዓመት ልጅ ነኝ፣ እሳቸው አስተማሪዬ ናቸው። ያንን ሁሉ ነፋስ አቋርጠው የመጡት እኔን ፈቃድ ሊጠይቁ ነው። ‘ይመልሱ ጋሼ’ ለማለት ሁለት ቃል ይበቃ ነበር። ከድር ጓደኛዬ ነው። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ ነው የተቀመጥነው። ወፍጮ ቤቱንም፣ ዱቄቱንም፣ ያንን ሁሉ ቅዳሜም አሰብኩ።

«ጋሼ፣ ፈተናው ሰኞ ነው» አልኩ።

አንገታቸውን ሳይመልሱ ጥቂት ቆዩ፣ ሌላ የምጨምረው ነገር እንዳለ እንደሚጠብቅ ሰው። አልጨመርኩም።

«ገባኝ» አሉ። ብርጭቆውን ለእናቴ መለሱ፣ አመሰገኑ፣ ባርኔጣቸውን አደረጉ። በሩ ላይ ሲደርሱ ዞረው «ነገ መጽሐፍ አትክፈት። ከፈተና በፊት ባለው ቀን አእምሮህን አሳርፈው» አሉኝ። የቁጣ ቃል ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ሰኞ አዲስ አበባ ተፈተንኩ። ጥያቄዎቹ ሁሉ ልብስ ቀይረው ነበር የመጡት፤ ሁሉንም አወቅኋቸው። አንድ ቀን ዘመድ ቤት አርፌ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ናዝሬት ስደርስ ከድር አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ካለው የአባቱ ሱቅ በር ላይ ቆሟል። ሲያየኝ መጣ።

«ጋሽ ለገሠን ያዟቸው» አለኝ። «ዛሬ ጠዋት። ሰው በቀበሌው ሱቅ ለስኳር ተሰልፎ ሳለ መጡና ሰልፉ መሐል ቆሙ። ‘በእሑዱ ስብሰባ በፊታችሁ የተናገርኩት ውሸት ነው፤ ልጆቹ ያጠኑት ስለ ነፋስ ነው’ አሉ። ሁለት ጊዜ ደገሙት። ከዚያ ወሰዷቸው።»

ቅዳሜ ሊያደርጉት የነበረውን ለማክሰኞ አቆይተውታል። እኔ ደብዳቤዬን አስረክቤ እስክፈተን።

«ለምን ዛሬ እንደሆነ አልገባኝም» አለ ከድር። «ከፈተናው በፊት ቢሆን እኔም ምናልባት ...» አልጨረሰውም። ቦርሳዬን ከእጄ ተቀበለኝና እስከ ቤት ይዞልኝ ሄደ። መንገድ ላይ «ፈተናው እንዴት ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥሩ ነበር አልኩት። ቅዳሜ ጋሽ ለገሠ እቤታችን መምጣታቸውን አልነገርኩትም። እስከ ዛሬም አልነገርኩትም፤ እዚህ ካላነበበው በቀር አያውቅም።

ስምንቱን ወር ሙሉ እሑድ እሑድ ከእትዬ አስቴር ጋር ምግብ ይዞ እስር ቤት የሚመላለሰው ከድር ነበር። በተከታዩ ማስታወቂያ ዕድሜው አልፏል ተባለ፤ የአሰብ መስመር ከባድ መኪና ሹፌር ሆነ። ጋሽ ለገሠ ሲፈቱ ወለንጪቲ ተመድበው ዓመታት እየተመላለሱ አስተማሩ። በኋላም ባገኙኝ ቁጥር ስለ ደመናና ስለ ነፋስ ይጠይቁኛል፣ ስለዚያ ቅዳሜ አንድ ቀን አንስተውብኝ አያውቁም። ሽፈራውን እዚያው ቀብር ላይ አንገቱን ይዤ ላንቀው ፈልጌ ነበር። ያልነካሁት ከጨዋነት እንዳይመስላችሁ። የማውቀውን ስለማውቅ ነው።

ውጤቱ የተለጠፈው ጋሽ ለገሠ በታሰሩ በሦስተኛው ሳምንት ነው። ለማየት አዲስ አበባ ሄድኩ። ሰው እየተጋፋ ስሙን ይፈልጋል። ከላይ አራተኛው ላይ ስሜን አገኘሁት። እሳቸው እስር ቤት ነበሩ። እኔ ደስ አለኝ።